ሁለቱ ዜፊሮሎች

ለወዳጅ፣ ለዘመድና ለደንበኛ ሁሉ ሊገለጽ የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው፤ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሱቃችን ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሱም።

ነገሩ ተራ የሚመስለው የአማቴን ሥራ ለማያውቅ ሰው ነው። አማቴ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። መቀስ ይዞ ያስነጠሰ ሰው ቢበዛ የሚያበላሸው ፀጉር ነው፤ ፀጉር ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። የእሳቸው ስም የገነነው ግን በጢም ነው። በሰፈሩ ውስጥ በሚታጠፈው ምላጭ፣ በብሩሽ አረፋና በሙቅ ፎጣ ጢም የሚላጭበት ቤት የቀረው የእኛ ብቻ ነው። የሰው አንገት ደግሞ እንደ ፀጉር አይደለም።

ዕድሜ ልካቸውን ከፀጉር ጋር ኖረው አፍንጫቸው ከፀጉር ጋር አልታረቀም። ብናኙ ሲገባ መጀመሪያ አፍንጫቸው ይነፋል፣ ከዚያ ዓይናቸው ይጠባል፣ ከዚያ ምላጩን ከደንበኛው አንገት አንስተው ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርገው ይይዙና ያስነጥሳሉ። «ይማርዎት!» እንላለን በአንድ ድምፅ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። ማንንም ቆርጠው አያውቁም። ቢሆንም በሱቁ ማንም ያላወጣው ሕግ አለ፤ ምላጩ ከአገጭ በታች ሲወርድ ወሬ ይቆማል፣ ሬዲዮ ይቀነሳል፣ ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው እንኳ እጁን ይሰበስባል። አማቴ በጸጥታው ውስጥ አፍንጫቸውን ያዳምጣሉ፤ እኛ እሳቸውን እናዳምጣለን።

ወንበሩ ሁለት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የእሳቸው፣ ከመታጠቢያው አጠገብ ያለው የእኔ። ልጃቸውን ሳገባ ወንበሩ አብሮ መጣ፤ ምላጩ ግን አልመጣም። «አንተ መቀሱን ያዝ» አሉኝ ያኔ፤ እስካሁንም ይዣለሁ። በእሳቸው እምነት ምላጭ የማይነካ ፀጉር አስተካካይ አትክልተኛ ነው፤ እየዞረ ይከረክማል፣ በቃ። ይህን የሚሉት እኔ እየሰማሁ ነው፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን፣ እውነት ስለሚመስላቸው።

ዜፊሮል የሚባለውን መድኃኒት መጀመሪያ የላከችው ውጭ አገር ያለችው ታላቋ ልጃቸው ናት። ሰማያዊ ካርቶን፣ ትንንሽ ነጭ ፍሬ። ማስነጠሱ ከናካቴው ባይጠፋም ቀነሰ፣ ምላጩም ወደ ጣሪያው የሚወጣው አልፎ አልፎ ሆነ። በኋላ ታላቋ ልጅ ከተማ ቀየረች፣ መላኩ ተቋረጠ፣ ማስነጠሱም ተመለሰ። ታናሿ ልጅ በሌላ አገር ነው የምትኖረው። በስልክ ሲነግሯት ሳቀች። «ዜፊሮል? እሱማ እዚህም ሞልቷል! ያውም ሰማያዊ ነው!» አለች፤ አንድ ሻንጣ የሚያህል ላከች።

የማክሰኞው ተአምር የመጣው በዚህ ነው።

ወዲያው ክርክር ተነሳ። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤታችን፣ የታናሿ አገር መድኃኒት ኦሪጅናል ነው፣ የታላቋ አገር ቅጂ ነው አለ። የሒሳብ መምህሩ ተቃወመ፤ በብርድ አገር የተሠራ መድኃኒት ይጠነክራል፣ ሙቀት ስለማያደክመው። ጡረተኛው ዳኛ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ፣ ስሙ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ነው፣ ልዩነቱ በወሳጁ እምነት ነው ብለው ወሰኑ። ሦስቱም ከፋርማሲ ያላቸው ርቀት እኩል ነው፤ መንገዱን ተሻግሮ ሃምሳ እርምጃ። ሄዶ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ወሬ ሲደምቅ ማን ይሄዳል።

ከዚያ ጸጥታው መርዘም ጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት መምህሩ ወንበሩ ላይ እያለ ነው። አማቴ አረፋውን ቀቡ፣ ጉንጩን ላጩ፣ ምላጩን ወደ አገጩ ሥር አወረዱ። ሬዲዮው ተቀነሰ። ዝም አልን። የመታጠቢያው ቧንቧ ጠብ ሲል ይሰማ ጀመር። አሁንም ዝም አልን። አማቴ ምላጩን ከአንገቱ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የሚያስነጥሱ መስሎን ጠበቅን። አላስነጠሱም። መምህሩ ዓይኑን ብቻ እያዞረ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ሁለታችንም ሕጉን አከበርን። ቆይተው አማቴ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሳቡና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ላጭተው ጨረሱ።

መምህሩ ሲነሣ ፊቱ ነጥቷል፤ የቀረ አረፋ ነው ብለን አለፍነው። «ጋሼ፣ እጅዎ በስሏል» አለ። «አይቸኩሉም።»

ቃሉ ሰፈሩን ያዘው። አይቸኩሉም! ከዚያ በኋላ ማንም ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ፣ አማቴም ምላጩን አየር ላይ ሰቅለው ቢቀሩ፣ ሲነሣ «ዛሬስ ጭራሽ አልቸኮሉም» ነበር የሚለው። ዳኛው እንዲያውም አንድ ቀን በሙሉ ድምፃቸው «ይህ ነው ጥበብ ማለት» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ።

እማማ፣ ማለት የባለቤቴ እናት፣ ሒሳብ የሚቀበሉት ከበሩ ጎን ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። መድኃኒቱ በቦርሳቸው ነው የሚቀመጠው። እማማ ደግሞ ሰው ሲያቃስት ዝም ብለው ማየት አይችሉም። ለዳኛው ለጉልበታቸው ሰጧቸው። ለመምህሩ ለሳሉ ሰጡት። ጎማ ጠጋኙ ደንበኛ ሲያናድደው ደሙ እንደሚፈላ ሲናገር «እንካ፣ ይሄን ሞክረው ልጄ» አሉት።

«ለንዴትም ይሆናል እንዴ እማማ?»

«ለአፍንጫ የሆነ ለንዴት ምን ያንሰዋል? ንዴትስ ከአፍንጫ አይደል የሚጀምረው?»

ሦስቱም አመሰገኑ። ዳኛውን የጉልበታቸው ሕመም ለቀቃቸው፤ ከሰዓት በኋላ መራመድ ስለተዉ። መምህሩ ተማሪዎቹን ሲፈትን አንድም ጊዜ አላሳለም፤ ተማሪዎቹም በዚያ ፈተና እጅግ ጥሩ ውጤት አመጡ። ጎማ ጠጋኙ አንድ ደንበኛ ግማሽ ቀን አስጠብቆ፣ ሰውየው ሲጮህበት ፈገግ ብሎ አየው። «ሰላም አገኘሁ» ይለን ነበር፣ ዓይኑ ግማሽ እንደተከደነ። ማንም ተኝቼ ነበር ያለ የለም።

ቤት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አማቴ ማንኪያውን ወደ አፋቸው አንስተው መሐል መንገድ ላይ አስቀሩት። ባለቤቴ ማንኪያውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችና ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«አባባ አርጅቷል» አለች። እንባዋ መጥቷል። «አልታየህም?»

«አይቸኩሉም እንጂ…»

«ተው እባክህ! ምላጭ ይዞ እንዲህ ቢሆንስ? እማማም ፈርታለች። እሁድ እንነግረዋለን። ምላጩን ለአንተ ይስጥህ፣ እሱ መቀሱን ይያዝ።»

«ኧረ እኔ! እንዴት ብዬ ነው የአባባን ምላጭ የምይዘው? ይቅርብኝ!» አልኩ። ያልኩት ከልቤ ነው ማለት ይቻላል። የእኔን መስታወት በመስኮቱ በኩል ብሰቅለው ብርሃኑ ከየት እንደሚመታው ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ወደ ሱቅ ስመለስ።

ሐሙስ ዕለት ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ከሰው ራስ በላይ ቆሞ መፍሰስ ደግሞ ነውር ነው። ከእማማ ቦርሳ አንዷን ፍሬ ወስጄ ዋጥሁ። ደንበኛ እስኪመጣ ወንበሬ ላይ አረፍ አልኩ።

ስነቃ ጎማ ጠጋኙ ከበላዬ ቆሟል፣ ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አስሮልኛል።

«ምን ላድርግልህ ጌታዬ?» አለኝ። «ጎኑን ላሳጥረው?»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«የመጣሁት ሦስቴ ነው። አንተም አረጀህ እንዴ?»

ሳቅንበት። ጨርቁን ስፈታ ግን አንድ ነገር አእምሮዬን ኮረኮረው። እኔ አላረጀሁም። ባረጅ እንኳ በአንድ ከሰዓት አርጅቼ በመሸ ጊዜ ወጣት ልሆን አልችልም። አማቴም ጠዋት ከቤት ሲወጡ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ነው የሚወርዱት፤ የሚያረጁት ኪኒኑን ከዋጡ በኋላ ነው። ከታላቋ የመጣውን ሲወስዱ ደግሞ አላረጁም ነበር። ስሙ ያው፣ ሰማያዊው ያው።

የታላቋን ባዶ ካርቶን አውቀዋለሁ፤ አማቴ ማበጠሪያ ይይዙበታል። ማበጠሪያዎቹን አውጥቼ ካርቶኑን በአንድ ኪሴ፣ አዲሱን በሌላ ኪሴ ከተትኩና መንገዱን ተሻገርኩ።

የፋርማሲውን ባለሙያ ሁላችንም «ዶክተር» ነው የምንላት፤ አይደለሁም ብላ ብላ ታክቷታል። ሁለቱን ካርቶኖች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

«የትኛው ነው ኦሪጅናሉ?» አልኳት።

«ሁለቱም ኦሪጅናል ነው። የጠየቅኸው ግን ስሙን ነው። ስሙን ተወውና ከሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ እይ።»

«አንዱን ማንበብ አልችልም፤ ፊደሉም አይገባኝም።»

«አየህ፣ ትልቁን ስም ፋብሪካው ነው የሚያወጣለት፤ ልጅ እንደሚሰይም ሰው። ውስጥ ያለው የሚሠራው ነገር ግን የራሱ መጠሪያ አለው።» መነጽሯን አደረገች፤ ደስ ብሏታል፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም መሰለኝ። «ያም ቢሆን አንዳንዴ ሁለት ነው። ለራስ ምታት የምትወስደው ፓራሲታሞል አለ አይደል? ሌላ አገር ሄደህ ፓራሲታሞል ብትል አያውቁልህም፤ አሲታሚኖፌን ነው የሚሉት። ያው አንድ ነገር ነው። ፋብሪካ ያወጣለትን ስም ከቆጠርክ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ሰዎች ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወሰድኩ ብለው አንዱን ሦስት ጊዜ ይውጣሉ።»

«ስሙ ሌላ ሆኖ ውስጡ አንድ።»

«አዎ። የአንተ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው።» የታላቋን ካርቶን አነሳች። «ይሄ ሎራታዲን ነው። ለአለርጂ። ብዙ ሰው አያስተኛም።» የታናሿን አነሳች፣ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ይሄ ዳይፈንሃይድራሚን ነው። የቆየ መድኃኒት ነው፣ እሱም አፍንጫ ያደርቃል፣ ግን ያስተኛል። ይሄኛውን እንዲያውም እዚያ የሚሸጡት ለእንቅልፍ ብለው ነው። ይኸው፣ ጨረቃ ሥለውበታል። ጨረቃዋን አላያችሁም?»

«አይተናል። የፋብሪካው ምልክት መስሎን ነው።»

«አንድ ፋብሪካ ስሙ ከታወቀለት በየአገሩ በዚያው ስም የተለያየ ነገር ሊሸጥ ይችላል። ማን ነው የሚወስደው?»

«አማቴ። ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ።»

«ቀን? ምን እየሠሩ?»

«ጢም እየላጩ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በምን?»

«በምላጭ።»

ከዚያ ብድግ ብላ ከመደርደሪያው ቢጫ ካርቶን አወረደች፤ ስሙ ከዜፊሮል ጋር አንድ ፊደል እንኳ አይጋራም። «ይሄ ሎራታዲን ነው፣ ታላቋ የላከችው ማለት ነው። ያንን በዚያ ዕድሜ በማታም አልመክርም፤ ይቁም። ከሰውነታቸው እስኪወጣ ምላጭ እንዳይነኩ። ነገ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«እርጅና አይደለማ?»

«እሱን ኪኒኑ ሲወጣ እናያለን» አለች።

ከፋርማሲው እስከ ሱቁ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ በረጅሙ ዞሬ ሄድኩ። እስከ እሁድ የቀረው ትንሽ ነው። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ምላጩ በራሱ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል። ደግነቱ ዶክተሯ ነገ እመጣለሁ ብላለች፤ ስለዚህ ሐቀኝነቴ ብዙም አልተፈተነም።

አርብ ጠዋት መጣች። ሱቁ ውስጥ ሦስቱም ነበሩ፤ ዳኛው፣ መምህሩ፣ ጎማ ጠጋኙ። አስረዳች። ጨረቃዋን አሳየች። እማማ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጉልበቴን ግን አሽሎኛል» አሉ ዳኛው።

«ተኝተው ስለሚውሉ ነዋ።»

አማቴ ቢጫውን ካርቶን አገላብጠው አዩት። «ይሄ እኮ ዜፊሮል አይደለም።»

«የድሮው ዜፊሮል ነው ጋሼ። ውስጡ ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ስሙን ለምን ቀየሩት?»

«ፋብሪካው ሌላ ነው።»

«ይሄ ደግሞ ዜፊሮል ተብሎ እየተጻፈበት ዜፊሮል አይደለም ትይኛለሽ።»

«ዜፊሮል ነው፤ ግን ያኛው ዜፊሮል አይደለም።»

አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ በደንበኛ ቦታ። አሰቡ። የሚያስቡትን ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

«እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስላጫችሁ እየተኛሁ ነበር?»

ቧንቧው ጠብ አለ።

«ዳኛ፣ እርስዎ አይዋሹም። ተኝቼ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! እንዴት ተደርጎ!»

«መምህር?»

«አልቸኮሉም እንጂ ጋሼ… እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።»

«አንተስ?»

«እኔ ራሴ ተኝቼ ስለነበር አላየሁም» አለ ጎማ ጠጋኙ፤ ከዚያ የተናገረውን ሰማውና ጫማውን ማየት ጀመረ።

ወደ እኔ አልዞሩም። እንዳልጠየቁኝ ደስ አለኝ።

ቢጫውን ወሰዱ። ምላጩ መሳቢያ ውስጥ ገባ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ፎጣ ብቻ እያጠፉ ዋሉ። በየቀኑ እየነቁ መጡ። ማንኪያው ሳይቆም አፋቸው ደረሰ፣ ከእማማ ጋር ስለ ጨው ተጨቃጨቁ፣ እኔን ስለ ወለሉ መጥረግ ተቆጡኝ። እሁድ መጣ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው አለፈ። ባለቤቴ አቀፈችኝ። «መድኃኒቱ ነው! አላረጀም! አባባን ልንገለው ነበር እኮ!» አለች። እኔም ደስታዬን ከማንም ይልቅ ጮክ ብዬ ገለጽኩ።

በማግስቱ ዶክተሯ ብቅ ብላ ዓይናቸውን አይታ፣ ጥቂት ጠያይቃ፣ «አሁን ይችላሉ» አለች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ሦስቱም መጥተው በግድግዳው በኩል ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ከአርብ ጀምሮ ጢም አስቀምጠዋል፤ ሌላ ቦታ ሄደን አንላጭም ብለው፣ ለጋሼ ታማኝ ሆነው። እንዲህ ነው የተናገሩት፣ አማቴም ሰምተው ዓይናቸው ረጥቧል።

አማቴ መሳቢያውን ከፈቱ። ምላጩን በመሳያው የቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ አፋጩት። እጃቸው ንቁ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዓይናቸው እንደ መስታወት ጠርቷል። ፎጣው ከሙቅ ውሃው ወጥቶ ይጨሳል። ነጩን ጨርቅ አራገፉና ወንበሩን ወደ አግዳሚው አዞሩት።

«ባለ ተራ!» አሉ።

ማንም አልተነሣም።

«መምህር፣ ከሁሉ ቀድመህ የመጣኸው አንተ አይደለህም?»

መምህሩ ጢሙን ዳሰሰ። «እውነቱን ለመናገር ጋሼ… ባለቤቴ ጢሙ አማረብህ አለችኝ። ትንሽ ላቆየው ብዬ…»

«ዳኛስ?»

«ዶክተሯን ለመሸኘት ነው እኔ የመጣሁት» አሉ ዳኛው። ዶክተሯ ሄዳለች። «ጢምም በዕድሜዬ ግርማ ይሰጣል ይላሉ።»

ጎማ ጠጋኙ እስኪጠየቅ አልጠበቀም። «እኔም እያሳደግሁ ነው።»

አማቴ ሦስቱን ጢም በየተራ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ካርቶኖቹን ይዤ መንገድ የተሻገርኩት እኔ ነኝ፤ እርጅና እንዳልሆነ ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ሳልላጭ ነው የወጣሁት።

«ና አንተ ተቀመጥ» አሉኝ። «ጢምህ አድጓል።»

«እሺ አባባ» አልኩ። እግሬ ወደ ወንበሩ ሄደ። እጄ ግን ሳላዘው ወደ ጉሮሮዬ ሄዶ የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈው።

አማቴ ቁልፉን አዩት። እማማም አዩት። አግዳሚው ላይ ያሉትም ሁሉ አዩት፣ ከዚያ ሁሉም ሌላ ቦታ አዩ።

አማቴ ምላጩን አጠፉት። ቀጭ አለ። መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በእሳቸው ወንበርና በእኔ ወንበር መሐል አስቀመጡት፤ ሳይቸኩሉ፣ ግን ዓይናቸውን ገልጠው። ከዚያ መቀሱን አነሱና ሁለቴ ባዶ አየር ቆረጡበት።

«ፀጉር የሚቆረጥስ?» አሉ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። መምህሩ ጎማ ጠጋኙን ገፋው፤ ዳኛው ግን ሁለቱንም ቀድመው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። እዚህ ሱቅ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በዳኛው ራስ ላይ አንድ ፀጉር አይቼ አላውቅም።